የኦብሴ ቁርበት

ሐሙስ ከአስር ኋላ፣ ከመስጊዱ ጓሮ፣
ወሬ አላሰማ ሲል የዝናብ ቆርቆሮ፣
ኡስታዛ ነጂሃ ድምጿን ከፍ አረገች፤
«አንዷ በአሸዋ ላይ ታስራ ነደደች፣
አንዷ ካገር ርቃ ባሕር ተሻገረች፣
አንዷ ወንድሟ ፊት
ደም እየፈሰሳት ‹አልተውም› አለች።»

«የመጡት ወደኛ!» አለች ረውዳ ጎሽማኝ፤
እኔን ግን ሐሳቤ
አዌቱን አሻግሮ ጂሬን ዳገት ጣለኝ።

የአያቴ እናት እናት፣ የእሷም እናት እናት፣
ኦብሴ ነው ስሟ፤ ማን አውቋት፣ ማን አይቷት።
ያየሁት ቁርበቷን፦
የወይፈን ነው፣ ወፍራም፣ ጠርዙን አይጥ የበላው፣
ጸጉሩ ሦስት ስፍራ ተመልጦ ያለቀው፤
ሁለቱ የጉልበት፣
አንደኛው የግንባር።

በዚያ ዘመን እዚያ እስልምና እንግዳ፣
ከአሞሌ ጨው ጋራ የሚያድር በጓዳ።
በቅሎ የሞተችበት አንድ የወሎ ነጋዴ
ክረምቱን ሲገፋ እቤቷ በዘዴ፣
በከሰል፣ በገል ላይ፣ አንድ ሱራ አስያዛት፣
አራት አያ ብቻ፤ ያቺው አንዷ በቃቻት።
«ሷድ» ሟሟ ባፏ ውስጥ፣ «ሐ»ም አልወጣላት፣
ብቻ ልቧ ያዛት።

መስከረም ጠባና ሰውዬው ሲነሳ
ቂብላው ወዴት ነበር? ጠፋባት፣ ተረሳ።
እሱ የሄደበትን የጭቃውን መንገድ
ቂብላዋ አድርጋ ጀመረች መስገድ።
ባሏ አልተከተላት፤ ልጆቿም አላወቁ፤
ከጅብ ኋላ ወርዳ፣ ወፎች ሳይነቁ፣
አጥንት በሚሰብረው በአዌቱ ታጥባ፣
በገዛ ደጇ ገባች ልክ እንደ ሌባ።

የሾላው ቀን ደርሶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣
ግንዱ በለጋ ቅቤ ሲታሽ ተከብቦ፣
የእሷ ተራ ሲመጣ እጇን አጣጠፈች።
«ምነው?»
«ዛፉን የሠራውን አውቄዋለሁ» አለች።

«ዛፉ ራሱ ይፍረድ» አሉ ሽማግሎቹ፤
በጠፍር አስረዋት ገቡ የቤት ሰዎቹ።

ሌሊቱን ዘነበ።
መልአክ አልወረደም። ጠፍሩ አልተበጠሰም።
ጅብ መጥቶ አሸተታት፣ ሄደ፤
ለምን እንደሁ፣ ጅቡን ማን ጠይቆት።
ሲነጋ አማቷ ብቻዋን መጣች፣
ውኃ ያሳበጠውን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች፣
«ምን ስትዪ አደርሽ?» ብላ ጠየቀች።
ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ጥርሷ እየተፋጨ፣
አራቱን ደገመች።
ሁለተኛዋ ሙስሊም አማቷ ነበረች።

ዘመን ሄደ። ባሏም፣ አገሩም ሰለመ፤
መጥረቢያ ተሸክሞ ሾላው ሥር ቆመ።
አሮጊቷ ኦብሴ ቁርበቷን አንጥፋ
ቁጭ አለች ከሥሩ፣ ጀርባዋን አስደግፋ፦
«ቅቤ አልቀባሁት፣ አልወደቅሁ ከፊቱ፤
ግን አልጠላሁትም።
ያን ሌሊት ጀርባዬን የያዘው እሱ ነው።
ምስክር አይቆረጥም።»

«አዲስ ስም ይውጣልሽ፣ የዐረብ» ቢሏትም፣
«እስኪ፣ ትዕግሥትን ምን ይሉታል እነሱ?»
«ሶብር።»
«እንግዲያው አባቴ ቀድሞ አውጥቶልኛል፤
ኦብሴም ያው ነው፣ ሶብር» አለች፣ አሉ።

ዝናቡ አባራ። ደርሱ ተበተነ።
ዛሬ ሾላው ሥር የባጃጅ ተራ ነው፤
«አጂፕ! መርካቶ! አንድ ሰው የቀረው!»
ረውዳን ተሰናብቼ በእግሬ ወጣሁ ዳገቱን፣
መግሪብ ሳያልፈኝ ዘረጋሁ ቁርበቱን።
ጉልበቴ ገጠመ፣
ከሁለቱ ስፍራ ልክ ገብቶ ቆመ።
ግንባሬ ግን አለፈ፤
እሷ ካሳሳችው ትንሽ ወጣ ብሎ፣
ገና ያላለቀው ጸጉር ወጋኝ።